የአምባዛ እጭ አመጋገብና አስተዳደግ፦ አፍ ከመክፈቱ እስከ ኩሬ

አንድ ኪሎ የምትመዝን የደረሰች ሴት አምባዛ ዓሣ 100 ግራም ያህል እንቁላል ትሰጣለች። በአንድ ግራም ውስጥ ከ600 እስከ 700 ፍሬ ስለሚገኝ፣ ከአንዲት እናት 60 ሺህ እንቁላል ማግኘት ብርቅ አይደለም። በእንቁላል እጦት የሚቸገር መፈልፈያ ጥቂት ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከተፈለፈለ በኋላ፣ በተለይ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ማታ ገንዳው ሙሉ ሆኖ የታየው እጭ ጠዋት ግማሹ ነጭ ሆኖ ወለሉ ላይ ተነጥፎ ይገኛል። ባለቤቱ በሽታ ገባ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የገደለው ረኃብ፣ ብርድ ወይም ተርፎ የበሰበሰ ምግብ ነው።

ይህ መመሪያ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በመራዊ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ በአነስተኛ ደረጃ፣ ማለትም በአንድ ዙር 10 ሺህ እጭ ገደማ ለሚያሳድጉ የተዘጋጀ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ለሚያረቡ ብዙም አያስፈልግም። ቆሮሶ ጥቂት፣ ትላልቅና አስኳላቸው የበዛ እንቁላሎች ትጥላለች፤ ልጆቿንም አፏ ውስጥ ይዛ ስለምታቆይ ሲወጡ ደረቅ መኖ መልቀም ይችላሉ። የአምባዛ እጭ ግን ሲፈለፈል ገና ጨጓራ የለውም። ጨጓራው ሥራ የሚጀምረው መብላት ከጀመረ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ደረቅ ዱቄት ብቻ ከሰጡት ሆዱ ሞልቶ በረኃብ ይሞታል።

የባሕር ዓሣ የሚያረቡ አገሮች ችግራቸው ከዚህም ይብሳል። የእነሱ እጭ አፍ እጅግ ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ ሮቲፈር የሚባለውን፣ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ነፍሳት ይመግባሉ፤ አርቴሚያ የሚባለው ደቃቅ የጨው ውኃ ፍጥረት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። የአምባዛ እጭ አፍ ሰፊ በመሆኑ ሮቲፈርን ዘለን በቀጥታ ከአርቴሚያ ወይም በረጋ ኩሬ ከምትገኘው ደቃቅ ፍጥረት ከሞይና መጀመር እንችላለን። ትልቅ ዕድል ነውና ሮቲፈር ካላረባሁ ብሎ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም።

ሰዓቱን ከአፉ ወደ ኋላ መቁጠር

የሥራው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ምግቡ የሚዘጋጀው እጩ አፉን ሲከፍት ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው፤ ስንት ሰዓት ቀደም ብሎ የሚለውን ደግሞ የውኃው ሙቀት ይወስነዋል። ሆርሞን ከተወጋችበት ሰዓት ጀምሮ እናቲቱ እንቁላሏን ለመልቀቅ በ22 ዲግሪ 15 ሰዓት ተኩል ያህል፣ በ25 ዲግሪ 11 ሰዓት፣ በ27 ዲግሪ 9 ሰዓት ይፈጅባታል። ከዘር ጋር የተቀላቀለው እንቁላል ለመፈልፈል በ22 ዲግሪ 38 ሰዓት፣ በ25 ዲግሪ 27 ሰዓት፣ በ27 ዲግሪ 23 ሰዓት ይወስዳል። በ20 ዲግሪ ግን ወደ 57 ሰዓት ይጎተታል፤ በዚህ መሃል ሻጋታው ይቀድማል።

በ27 ዲግሪ ቢሠራ አንድ ሳምንት እንዲህ ይሄዳል፦

እሑድ ከምሽቱ 4 ሰዓት እናቲቱ ትወጋለች። ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንቁላሉ ታልቦ ከወንዴው ዘር ጋር ይቀላቀላል። ማክሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ መፈልፈል ይጀምራል። ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት የመጀመሪያው የአርቴሚያ ጠርሙስ ይደረጋል። ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት፣ እጩ ይዞት የተፈለፈለው አስኳል ጨርሶ ሳያልቅ፣ የመጀመሪያው ምግብ ይሰጣል።

በመሠረቱ ሞይና የሚራባበት ሳፋ ከዚህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጀመር አለበት። ሆርሞኑን ወግቶ ከዚያ ሞይና ፍለጋ የሚወጣ ሰው ዘግይቷል።

የማለቡን ሥራ በአጭሩ፦ የአምባዛ ወንድ እንደ ሴቷ ሆዱ ተጨምቆ ዘር አይሰጥም፤ ታርዶ የዘር ከረጢቱ ይወጣል። ከረጢቱ በደረቅ ጨርቅ ደሙ ተጠርጎ ይቆረጥና በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ባለው ንጹሕ ውኃ ይበረዛል። እንቁላሉ ላይ ይፈስና በመጠኑ ልክ ንጹሕ ውኃ ተጨምሮ በዶሮ ላባ አንድ ደቂቃ ይማሰላል። ውኃ ሲነካው ዘሩ የሚነቃው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ማማሰል ትርፍ የለውም። ለ10 ሺህ እጭ ከ25 እስከ 30 ግራም እንቁላል ይበቃል፤ የተረፈውን ሁሉ ላሳድግ ማለት ገንዳ ማጨናነቅ ነው። እንቁላሉ ስለሚጣበቅ አንድ ሚሊ ሜትር ዓይን ባለው የተወጠረ መረብ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረብ ይሰጣል። የተፈለፈለው እጭ በመረቡ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቅርፊቱና የሞተው ነጭ እንቁላል መረቡ ላይ ይቀራል። መፈልፈሉ እንዳበቃ መረቡን ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው። ግማሽ ቀን ከቆየ የበሰበሰው እንቁላል ውኃውን ያጠፋዋል።

አንዳንድ አገር ለእንቁላል ማስቀመጫ የእምቦጭ ሥር ይጠቀማሉ። እኛ ዘንድ ይህ ፈጽሞ አይሞከር። እምቦጭን ከጣና አውጥቶ ወደ ቆጋ ቦይ ወይም ወደ ግል ኩሬ መውሰድ ማለት አረሙን በእጅ ማዛመት ነው።

ሙቀት

ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። የአምባዛ እጭ የሚወደው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ22 በታች ሲወርድ መብላቱን ይቀንሳል፤ ዕድገቱም ይቆማል ቢባል ይቀላል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲበርድ ያልተሸፈነ ገንዳ ጠዋት ከ20 በታች መውረዱ የማይቀር ነው። በደጋው እጭ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው የማሞቂያ ወጪውን አስቀድሞ ቢያሰላ ይሻለዋል። በእኛ ግምት ለደጋው የሚያዋጣው ያደገ ጫጩት ገዝቶ ማስገባት እንጂ እጭ ማሳደግ አይደለም።

ባሕር ዳር ላይ ትንሽ ክፍል ይበቃል። ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ጣሪያው ከውስጥ በላስቲክ ይሸፈን፤ ገንዳው ከሲሚንቶ ወለል ላይ በጣውላ ወይም በጭድ ኬሻ ከፍ ይበል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ መልካም፤ ከሌለ ግን ጀሪካን ውስጥ የተቀዳ ሙቅ ውኃ ጥሩ መላ ነው። 70 ዲግሪ የሆነ 20 ሊትር ውኃ በጀሪካን ተዘግቶ 25 ዲግሪ ባለው የ500 ሊትር ገንዳ ውስጥ ሲነከር፣ ሙቀቱን አካፍሎ ሲጨርስ ገንዳውን ወደ 1.7 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ውኃው ገንዳው ውስጥ አይፈስም፤ ጀሪካኑ ብቻ ይነከራል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አይነድም፤ እጩን ከማሞቁ በፊት ጠባቂውን በጭሱ ይገድላል። የሙቀት መለዋወጡ ደግሞ ከዝቅተኛው ሙቀት በላይ ይጎዳል። ቀን 30፣ ሌሊት 22 ከሚሆን ገንዳ፣ ሌት ተቀን 25 የሚሆን ይመረጣል።

ከፍታው ሌላም ነገር ይቀንሳል። ባሕር ወለል ላይ 28 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 7.8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ በእኛ ከፍታ ከ6.3 አያልፍም። አምባዛ ከአየር ይተነፍሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ያ ግን ለትልቁ ነው። እጩ አየር ለመጎንጨት ወደ ላይ መውጣት የሚጀምረው በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እስከዚያ በስንጥቡ ብቻ ስለሚተነፍስ የአየር ፓምፑ ለሰዓታት ከቆመ ያልቃል። መብራት ሲሄድ የሚያስቀጥል በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ፣ ካልሆነም ከከፍታ በጠብታ የሚወርድ ሮቶ ውኃ ይዘጋጅ።

አርቴሚያ ማስፈልፈል

አርቴሚያ እንደ ደቃቅ የቡና ዱቄት የሚመስል የደረቀ እንቁላል ሆኖ በጣሳ ታሽጎ የሚሸጥ የጨው ውኃ ፍጥረት ነው። ጥሩው ከአንድ ግራም 200 ሺህና ከዚያ በላይ ሕያው ይወጣዋል። ከውጭ የሚመጣና ውድ ስለሆነ የተከፈተው ጣሳ እርጥበት እንዳይገባው በደንብ ታሽጎ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። እርጥበት የገባው እንቁላል መልኩ ሳይለወጥ መፈልፈሉን ያቆማል።

ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው ይቆረጥና ይገለበጥ፤ ክዳኑ ተበስቶ ቀጭን የአየር ቱቦ ይግባበት፤ ዙሪያው በማስቲሽ ይደፈን። በውስጡ አንድ ሊትር ተኩል ንጹሕ ውኃ፣ 40 ግራም ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል። የአፍዴራው የምግብ ጨው ይሠራል፤ አዮዲኑ አይጎዳም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በሰፊ ዕቃ በአየር ፓምፕ እየተናጠ ይቆይ። ከዚያ 3 ግራም የአርቴሚያ እንቁላል ይደረጋል። አየሩ ወለሉን የሚያናፍስ፣ እንቁላሉ አንድም ቦታ እንዳይረጋ የሚያደርግ ብርቱ ይሁን። አምፖል ከጠርሙሱ በስንዝር ርቀት በርቶ ይቆይ፤ ብርሃኑ እንቁላሉ እንዲነቃ ያደርገዋል፤ በዚያውም ያሞቃል። በ28 ዲግሪ 24 ሰዓት ይበቃዋል። በ22 ዲግሪ ግን ከ36 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መውጣቱም አንድ ወጥ አይሆንም፤ የቀደመው ሲደክም የዘገየው ገና እንቁላል ነው።

ሲደርስ ውኃው ብርቱካናማ ይሆናል። አየሩ ለ10 ደቂቃ ይቁም። የጠርሙሱ የላይኛው ክፍል በጥቁር ጨርቅ ይጋረድና ባትሪ ከአንገቱ በኩል ይብራ። ሕያዋኑ ወደ ብርሃን ይወርዳሉ፤ ባዶ ቅርፊቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያልተፈለፈለው እንቁላል ከታች ክዳኑ ላይ ይረጋል። መጀመሪያ የሚወርደውን ቡናማውን ጥቂት ማንኪያ ይድፉት። ቀጥሎ የሚመጣው ብርቱካናማው ነው የሚፈለገው። ቅርፊቱ መድረስ ሲጀምር ይዝጉት። የእጭ ሆድ ቅርፊት አይፈጭም፤ ብዙ ከዋጠ አንጀቱ ይደፈናል።

የተሰበሰበው ጥቅጥቅ ባለ የሐር ሻሽ፣ ዓይኑ ከ0.12 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ወንፊት ተጠልሎ በንጹሕ ውኃ አምስት ደቂቃ ይታጠብ። ከጠርሙሱ ውኃ ጋር ገንዳ ውስጥ መድፋት ሁለት ጥፋት ነው፤ ጨውና የመፈልፈያው ውኃ ያረባው ባክቴሪያ አብሮ ይገባል።

ስንት እንደሆነ ለማወቅ የታጠበው በአንድ ሊትር ውኃ ይበረዝና እየተማሰለ በኢንሱሊን መርፌ አንድ ሚሊ ሊትር ይቀዳል። በነጭ ሳህን ላይ ተጠብጥቦ ይቆጠራል፤ በ1,000 ሲባዛ የጠቅላላው ቁጥር ይወጣል። ሦስት ጊዜ ቀድቶ አማካዩን መያዝ ይሻላል።

ለአንድ እጭ በመጀመሪያው ቀን 80 አርቴሚያ ያህል፣ በሁለተኛው 120፣ በሦስተኛው 170፣ በአራተኛው 240፣ በአምስተኛው 330 ይታሰብ። መሠረቱ እጩ በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል መብላቱ ነው። ለ10 ሺህ እጭ ይህ ከመጀመሪያው ቀን 4 ግራም የአርቴሚያ እንቁላል ተነሥቶ በአምስተኛው ቀን ከ16 እስከ 17 ግራም ይደርሳል። ከብክነቱ ጋር 60 ግራም መያዝ ለአምስቱ ቀን ይበቃል። ይህ ለዕቅድ ነው፤ ለመመገብ መመዘኛው የእጩ ሆድ ነው። የበላ እጭ በነጭ ሳህን ላይ ሲታይ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል። ከመገቡት ከግማሽ ሰዓት በኋላ 20 እጭ ቀድተው ሲያዩ 18ቱ ብርቱካናማ ካልሆኑ ምግቡ አልደረሳቸውም ማለት ነው።

መብራት ለማይታመንበት ቦታ ከማስፈልፈል የሚቀል ሌላ መንገድ አለ፤ የእንቁላሉን ቅርፊት በበረኪና ገፍፎ ሳይፈለፈል መስጠት። 10 ግራም እንቁላል አንድ ሰዓት በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፍና ይጠለላል። ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ በረኪና ከ40 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ተደባልቆ ይጨመርበትና ያለማቋረጥ ይማሰላል። ቀለሙ ከቡናማ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ስለሚሞቅ ዕቃው በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ይቀመጥ፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሄደ ውስጡ ይሞታል። ብርቱካናማ እንደሆነ በወንፊት ይጠለልና ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በብዙ ውኃ ይታጠባል። በመጨረሻ ጥቂት አቼቶ በተቀላቀለበት ውኃ ነክሮ እንደገና ማጠብ ይበጃል። ሳይታጠብ አቼቶ ማፍሰስ ግን መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በረኪናና አቼቶ በአንድ ዕቃ አይገናኙ። የሱቅ በረኪና ጥንካሬው ይለያያል፤ በ10 ደቂቃ ቀለሙ ካልተለወጠ በረኪናው የደከመ ነው። የተገፈፈው እንቁላል በአንድ ሊትር 300 ግራም ጨው ባለው ውኃ ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ይቀመጣል። ገንዳ ውስጥ ሲገባ ወለሉ ላይ ይሰፍራል፤ የአምባዛ እጭ ደግሞ ከወለል መልቀም ስለሚወድ ይበላዋል። የማይበላው ግን ይበሰብሳልና በጥቂት በጥቂቱ ይሰጥ።

ሞይና

ለአርቴሚያ ገንዘብ የሌለው ሰው ሞይና ያርባ። ያለውም ቢሆን ቢያረባ አርቴሚያውን በግማሽ ይቆጥባል። ሞይና ክረምት ላይ በረጋ ኩሬ ውስጥ እየተንፈራጋጠች የምትታይ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የምትሆን ነቁጥ ነች። ልጆቿ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆኑ ለመጀመሪያ ምግብ ይሆናሉ።

በ100 ሊትር ውኃ 40 ግራም የደረቀ የዶሮ ኩስ በሻሽ ታስሮ ይነከር፤ 10 ግራም ያህል ፉርሽካ ይበተን። ከሦስት ቀን በኋላ ውኃው አረንጓዴ ወይም የሻይ መልክ ሲይዝ ከኩሬ በወንፊት የተለየ ጥቂት ሞይና ይግባ። የሚመጣው ዘር ውስጥ የውኃ ተርብ እጭና ሌላ ነፍሳት እንዳይኖር በነጭ ሳህን ላይ እየተለቀመ ይጣራ። በየሁለት ቀኑ ለ100 ሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም የዳቦ እርሾ በጥብጦ መጨመር ይቻላል። የጠላ አተላም ይሠራል፤ ግን በዛ ካለ ውኃው ይኮመጥጣል፤ ሞይናውም በአንድ ሌሊት ያልቃል። ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይሞላል። በየቀኑ ከሩቡ በላይ አይቅዱ። ኃይለኛ ደቃቅ አረፋ ስለሚያሰቃያት አየሩ ለዘብ ያለ ይሁን።

የሞይና ጥቅሟ ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ አለመሞቷ ነው። አርቴሚያ በእጩ ገንዳ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደክማል፤ ከዚያም ይሞታል። ስለዚህ ሌሊት ላይ ጠባቂ ሲተኛ ሞይና ማድረግ፣ ቀን ቀን አርቴሚያ መስጠት የተሻለ ዘዴ ነው።

ገንዳውና አመጋገቡ

ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ይመረጣል። ጥልቅ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት አየር ሊጎነጭ የሚወጣው እጭ ይደክማል። ውኃ ያለማቋረጥ የማይፈስበት ገንዳ ከሆነ በአንድ ሊትር ከ20 እጭ አያልፍ፤ ለ10 ሺህ እጭ 500 ሊትር ማለት ነው። የመውጫው መረብ ዓይኑ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ ግን ትልቅ ይሁን። ጠባብ መረብ ውኃው በአንድ ቦታ ስለሚስብ እጩን ለጥፎ ይገድለዋል።

የአምባዛ እጭ ብርሃን ይሸሻል፤ በጨለማ ጥግ ተቆልሎ ይተኛል። አርቴሚያ ደግሞ ብርሃን ይወዳል። ገንዳውን በግማሽ ብቻ የሸፈነ ሰው በላተኛውን በአንድ ጥግ፣ ምግቡን በሌላው ጥግ አስቀምጧል ማለት ነው፤ አርቴሚያው በብርሃኑ በኩል ሞቶ ይቀራል። ገንዳው ሙሉ በሙሉ በጥቁር ላስቲክ ወይም በኬሻ ይሸፈን፤ ለምግብና ለጽዳት ብቻ ይከፈት።

በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በየሦስት ሰዓቱ መመገብ ይገባል። ለጠዋትና ለማታ ብቻ ብዙ ምግብ መስጠት አያዋጣም። ከእያንዳንዱ ጠዋትና ማታ ምግብ በፊት ወለሉ በቀጭን ቱቦ ይጠረጋል። የቱቦው ጫፍ ነጭ ሳፋ ውስጥ ይፍሰስ፤ በስሕተት የተሳበው ሕያው እጭ ይመለሳል፤ የሞተው ይቆጠራል። በቀን ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ውኃ፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር በተመሳሰለ ውኃ ይቀየር።

ነጭ ሳፋው ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይናገራል። በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን የሚሞተው አካሉ የተጣመመው ነው፤ የእንቁላሉ ጥራት ነውና አይደንግጡ። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ገላው እንደ ክር የቀጠነ እጭ ከተገኘ የመጀመሪያው ምግብ ዘግይቷል፤ ያ እጭ አሁን ቢመገብም አይድንም። ከዚያ በኋላ ጅራት የሌለው ጭንቅላት ብቻ መገኘት ከጀመረ መበላላት ገብቷል።

ወደ ደረቅ መኖ ማሸጋገር

ከአምስተኛው የመብላት ቀን ጀምሮ ደረቅ መኖ ከሕያው ምግብ ጎን ለጎን ይሰጣል። ደረቁ ይቀድማል፤ እጩ ሲርበው ያሸተዋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ አርቴሚያው ወይም ሞይናው ይከተላል። በአራት ቀን ውስጥ የሕያው ምግቡ ድርሻ ከሙሉ ወደ ሦስት ሩብ፣ ወደ ግማሽ፣ ወደ ሩብ ይወርድና ይቆማል።

የተዘጋጀ መኖ ካልተገኘ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ለአንድ ኪሎ 550 ግራም የደረቀ ዓሣ ዱቄት፣ 250 ግራም የተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት፣ 80 ግራም የደረቀ እርሾ፣ አምስት የዶሮ እንቁላል፣ 30 ግራም የምግብ ዘይትና 20 ግራም የቫይታሚን ቅልቅል ያስፈልጋል። ይህ ፕሮቲኑን 50 በመቶ ገደማ ያደርሰዋል። የዓሣው ዱቄት ከሙሉ ትናንሽ ዓሣ ቢሠራ ይሻላል፤ ከፊሌቶ የተረፈ አጥንትና ጭንቅላት ብቻ ከሆነ አመድ በዝቶ ፕሮቲን ያንሰዋል። አኩሪ አተሩ ካልተቆላ የፕሮቲን መፈጨትን የሚከለክል ነገር ስላለበት ዓሣውን ያቀጭጨዋል። ኑግ ፋጉሎ ለአዋቂ ዓሣ እንጂ ለእጭ አይሆንም፤ ገለባው ይበዛበታል። ዱቄቱ ከእንቁላሉ ጋር ተለውሶ በእንፋሎት ይበስላል፤ በጥላ ይደርቃል፤ ይፈጫል። ቫይታሚኑ ሙቀት ስለማይችል ከደረቀ በኋላ ከዘይቱ ጋር ይታሻል። ለመጀመሪያው ሳምንት ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈው፣ ቀጥሎ እስከ 0.5 የሚደርሰው ይሰጣል። ዱቄት ብናኝ ሆኖ የሚንሳፈፈው ተነፍቶ ይውጣ፤ ስንጥቡን ይደፍናል።

የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ብቻ የሚመግቡ አሉ። አንድ ሁለት ቀን ችግር ማስታገሻ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ውኃውን ነጭ አድርጎ ያበላሸዋል።

በ10 ደቂቃ ውስጥ የማይጨርሰው መኖ በዝቷል ማለት ነው። ከልክ በላይ የበላ የአምባዛ ጫጩት ሆዱ ተነፍቶ ይፈነዳል፤ ይህም እንደ በሽታ ይቆጠርና መድኃኒት ይፈለግለታል፤ መድኃኒቱ ግን መኖ መቀነስ ነው።

መበላላት

ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ አንዳንዱ ወንድሙን ይበልጣል። መጀመሪያ ጅራት ይዞ እስከ ጭንቅላቱ ይበላዋል፤ ጭንቅላቱን ይጥላል። አፉ ሲሰፋ ደግሞ ሙሉውን ይውጠዋል፤ ያኔ ሬሳ አይገኝም፤ ቁጥሩ ብቻ ይጎድላል። ረኃብ፣ ብርሃንና የመጠን ልዩነት ያባብሱታል። ስለዚህ በየአራት አምስት ቀኑ መለየት ነው፦ 3 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው መረብ ወለሉ የሆነ ሣጥን ገንዳው ውስጥ ይንሳፈፍ፤ ዓሣው በትንሽ ማንኪያ መረብ እየተቀዳ ይግባበት፤ ትንሹ ይሾልካል፤ ትልቁ ይቀራል። ትልልቆቹ ለብቻቸው ገንዳ ይሰጣቸው። ከመለየት በፊት ግማሽ ቀን መኖ አይስጡ፤ ሆዱ የሞላ ዓሣ ሲነካ ይሞታል።

ሕመምን በተመለከተ አጭር ነገር። እንቁላል ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለው ሻጋታ ነው፤ የሞተውን ማንሣት ይበልጣል። ማላካይት ግሪን የሚባለው አረንጓዴ መድኃኒት ለሰው ምግብ በሚውል ዓሣ ላይ በብዙ አገሮች የተከለከለ ነውና አይጠቀሙ። እጩ ገላውን በወለሉ ላይ የሚያሽ ከሆነ፣ ቆዳው ከነጣ፣ በአንድ ሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ጨው ለጥቂት ቀናት ማቆየት ብዙ ጥገኛ ተውሳክ ያርቃል።

ወደ ኩሬ

በሁለት ሳምንት ዕድሜ፣ አየር መጎንጨት ከጀመረ በኋላ፣ ወደ ኩሬ ይገባል። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ 10 ኪሎ ኖራ በደረቅ ወለል ይበተናል። ውኃው በጥቅጥቅ መረብ ተጣርቶ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሞላል፤ 5 ኪሎ የዶሮ ኩስ ይጨመርበታል። ክንድዎን ሲያስገቡ መዳፍዎ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከጠፋ ምግቡ ደርሷል። ከአንድ ሳምንት በላይ ግን አያቆዩት፤ በጀርባቸው ተንጋለው የሚዋኙ ነፍሳትና የውኃ ተርብ እጭ ይሰፍሩበታል። ከሰፈሩ ነፋስ በሌለበት ቀን አንድ ሁለት ብርጭቆ የምግብ ዘይት በውኃው ገጽ ላይ ይፍሰስ፤ ከአየር የሚተነፍሱት ይታፈናሉ። ይህ የሚሆነው ዓሣው ከመግባቱ በፊት ብቻ ነው፤ እሱም ለአየር ወደ ላይ ይወጣልና።

የአምባዛ ጫጩት ትልቁ ጠላቱ እንቁራሪትና ጉርጥ ነው። የቆርቆሮ ወይም የጠንካራ ላስቲክ አጥር 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው፤ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ይቀበር። ሰኔና ሐምሌ ላይ እንቁራሪት ስለሚበዛ አጥሩ ከኩሬው ቀድሞ ይቁም። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ50 እስከ 100 ጫጩት ይገባል። ጫጩቱ የመጣበት ፌስታል እንደታሰረ በኩሬው ላይ ለ20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ ተከፍቶ የኩሬው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቀልበት፤ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ዓሣው ራሱ እየዋኘ ይውጣ። መኖውም ከዚያኑ ዕለት ማታ ጀምሮ ሁልጊዜ በአንድ ጥግ ይሰጥ፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ በቀን አራት ጊዜ ይቀጥላል።